የቆመች ያማሃን ማስነሳት

በካፋ ዞን፣ በዋጫና በአካባቢዋ ግቢዎች ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ወይም ከእንሰቱ አጠገብ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍና የቆመች አሮጌ ያማሃ አይቶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ዲቲ 125 ወይም ኤጂ 100 ናት። በደጉ ዘመኗ የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ሠራተኛ በጭቃው ቀበሌ ለቀበሌ ዞሮባታል። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሲያገኝ በጨረታ ተሸጠች። የገዛት ሰውም ጥቂት ዓመት ነዳት፤ አንድ ማለዳ ቢረግጣት ቢረግጣት አልነሳ አለች፤ ወደ ጥግ ተገፋች። አሁን መንገዱን የያዙት ቦክሰርና ቲቪኤስ ናቸው። ባለቤቱን ሲጠይቁት «አርጅታ ነው» ይላል።

በእኔ እምነት አብዛኞቹ አላረጁም። የገደላቸው እርጥበትና መቆም ነው። አብዛኛው የካፋ ዞን በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ደረቅ የምንላቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት እንኳ ጤዛ አያጡም። እንዲህ ባለ አየር ውስጥ የቆመ ብረት ከሚሠራው ይልቅ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ አሮጌ ሞተር ሳይክልን በቤት ማደስ ማለት፣ በአመዛኙ፣ ውሃ የገባበትን ቦታ አንድ በአንድ እያሳደዱ ማድረቅ፣ ዝገቱን ማስለቀቅና የደረቀውን ጎማ መተካት ነው። ትዕግሥት ያለው ሰው ይህን በጥቂት መፍቻ ይሠራዋል።

ከመፍቻው በፊት ግን ወረቀቱ ይታይ። ሊብሬውን ያውጡና የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። የሻንሲው ቁጥር መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ዝገትና ጭቃ ስለሚሸፍነው በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ እንጂ በሞረድ አይነካም፤ ቁጥሩ ከተፋቀ ባለቤትነትን ማስረዳት ከባድ ነው። በጨረታ የተገዛች ከሆነች የሽያጭ ሰነዱ ይፈለግ፣ ስሙም ይዙር። ገንዘቡን ሁሉ በመለዋወጫ ላይ ካፈሰሱ በኋላ ቦሎ ለማውጣት ሄዶ «ስሙ አልዞረም» መባል ልብ የሚሰብር ነገር ነው።

ለሥራው ጥሩው ጊዜ ቡናው ተለቅሞ የሚያበቃበት ጥር ነው። አየሩ ደረቅ ነው፣ እጅም ይፈታል። የተፈታውን ዕቃ ለማጠብና ለማድረቅ ከቡና ማድረቂያ አልጋ የተሻለ ነገር አላየሁም፤ ቆሻሻው በወንፊቱ ሥር ይወርዳል፣ ዕቃው ከላይ ንፋስ ያገኛል። ለዚህ የሚውለው ግን ሁለተኛ ቡና የማይሰጣበት፣ የተጣለ አልጋ ብቻ ይሁን። ቡና የናፍጣና የላምባ ሽታ ቶሎ ይስባል፤ አንዴ ከሳበም አይለቅም።

አሁን ወደ ሞተሩ። ኪኩ ወደ ታች አልወርድ ካለ በጉልበት አይርገጡት። የተጣበቀው ፒስቶን ከነፋሻው በቺሊንደሩ ግድግዳ ላይ በዝገት ተይዞ ነው፤ በጉልበት ሲረገጥ ፋሻው ይሰበራል፣ ስባሪው ደግሞ ቺሊንደሩን ይቦጭረዋል። ካንዴላው ይፈታና ግማሽ ናፍጣ ግማሽ የሞተር ዘይት ተቀላቅሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል በቀዳዳው ይጨመር። ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆይ፤ በየማታው ትንሽ ይጨመርበት። ከዚያ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብተው የኋላ ጎማውን በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያሉ ያወዛውዙት። መጀመሪያ የጸጉር ያህል፣ ቀጥሎ የጣት ያህል ይንቀሳቀሳል። በሳምንቱ ካልለቀቀ ቺሊንደሩ ወጥቶ መታየት አለበት።

እነዚህ ያማሃዎች ሁለት ምት ሞተር ያላቸው መሆኑ ለቤት ሠራተኛ በረከት ነው። ቫልቭ የለ፣ የቫልቭ ሰንሰለት የለ። ቴስታው ሲነሳ ቺሊንደሩ ይታያል፣ ቺሊንደሩ ሲነሳ ፒስቶኑ በእጅ ይያዛል። ግድግዳው በጥልቅ ካልተጫረ አዲስ ፋሻ ይበቃል። ከተጫረ ደግሞ ሬክቲፋይ ወደሚደረግበት ትልቅ ከተማ ይላካል፤ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ይሰፋና ከዚያው ልክ ጋር የሚሄድ ፒስቶን ይገባለታል። ፒስቶኑ ቀድሞ ተገዝቶ አብሮ መላክ አለበት፣ ምክንያቱም ባለሙያው የሚቆርጠው በፒስቶኑ ልክ ነው።

አንድ ነገር ጎላ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሰው ስለሚዘለው። ከክራንኩ ግራና ቀኝ ሁለት የጎማ ሲሎች አሉ። ሁለት ምት ሞተር አየርና ቤንዚኑን የሚስበው በክራንኩ ክፍል በኩል ስለሆነ፣ ለዓመታት ቆሞ የደረቀ ሲል አየር ያስገባል። ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ አዲስ የገባው ፒስቶን በሳምንቱ ይነክሳል። ሰውየው «መለዋወጫው ፎርጅድ ነው» ይላል እንጂ ሲሉን አይጠረጥርም። ሞተሩ ለማንኛውም ከተከፈተ ሁለቱንም ሲሎች ይቀይሩ፤ ዋጋቸው ከፒስቶኑ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎንና ዳዶ፤ ቃሎቹ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጃፓን ሞተር ሳይክል በካፋ ምድር በጣሊያን ስም እየተጠራች ትጠገናለች። ይህን የምጠቅሰው በምክንያት ነው፤ ልጆቻችን የሚያዩት የጥገና ቪዲዮ ሌላ ስም ይጠቀማል፣ መካኒኩና ዕቃ ሻጩ ደግሞ የሚያውቁት ይህን ነው። ሁለቱንም ማወቅ ከተሳሳተ ግዢ ያድናል።

ሲፈቱ በእያንዳንዱ ደረጃ በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ በተለይ የሽቦዎቹን ቀለምና የገመዶቹን አካሄድ። ብሎኖቹን ካርቶን ላይ የክፍሉን ቅርጽ ስለው በየቦታቸው ይሰኩ። የተቀየረውንም የተሰበረውንም ዕቃ አይጣሉ፤ ከሱቅ አዲሱን ለማመሳሰል የሚረዳው አሮጌው ነው። የያማሃ ዕቃ እንደ ቦክሰር በየሱቁ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ማስፈለግ ይጠይቃል። ወዲያ የሚላከው ሰው ስም ብቻ ይዞ ከሄደ የሚመጣው ሌላ ዕቃ ነው።

ባለፈው ጥር የአንዲት ኤጂ 100 ካርቡሬተር ፈትቼ ነበር። የታችኛውን ኩባያ ሳወጣው ውስጡ ቡናማና ድርቅ ያለ ነገር ተጋግሮበታል። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ የሚያየው የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ ማር ነው እንዴ?» አለኝ። መልኩ እውነትም የረጋ ማር ይመስላል፤ ሽታው ግን የአሮጌ ቀለም ነው። ቤንዚን ለወራት ሲቆም ቀላሉ ይተንና የቀረው ወደዚህ ሙጫ ይለወጣል። ከሙጫው ሥር ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበር፤ ውሃ አሉሚኒየሙን ሲበላው የሚቀር ነው። የቤንዚኑ መውጫ ጂግለር ቀዳዳ ከመርፌ ዓይን ያነሰ ስለሆነ ከዚህ ሙጫ ጥቂት ሲገባበት ሞተሩ አይነሳም፤ ቢነሳም ጋዝ ሲሰጡት ይጠፋል። ያቺ ኤጂ ከጥግ የተገፋችው በዚህች ቀዳዳ ምክንያት ነበር።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። የጎማና የፕላስቲክ ክፍሎቹ ይወጡ። ብረቱ በንጹሕ ቤንዚን ሌሊቱን ይዘፍዘፍ። ጠዋት ጂግለሮቹን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ነው፤ ክብ ብርሃን ካልታየ አልጸዳም። በብረት ሽቦ ወይም በመርፌ መውጋት ክልክል ነው፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ልኩ ይበላሻል። ከተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር ተወስዳ ቀስ ብላ ትለፍበት፤ ቀጥሎ በጎማ መንፊያ ይነፋ። መዝጊያዋ መርፌ ጫፏ ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት ካላት ትቀየር፣ አለዚያ ቤንዚን ያለማቋረጥ ይፈሳል።

ይህ ሥራ ቡና በሚፈላበት ቤት ወይም በረንዳ ላይ ፈጽሞ አይሠራ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ራቅ ያለ ከሰል ጋ ይደርሳል።

ቤንዚኑ ራሱም ይመርመር። ከማደያ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚገዛው ውሃ ሊኖረው ይችላል። ጠርቶ በሚያሳይ ብርጭቆ ውስጥ ቀድቶ ለጥቂት ጊዜ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ውሃ ስለሚከብድ ከታች ለብቻው ይረጋል።

የሰልባትዮው ዝገት በኮምጣጤ ይለቃል። አንድ ሁለት ቀን ሞልቶ ማቆየት፣ ጥቂት አጭር ሰንሰለት ወይም ዳዶ ከቶ መነቅነቅ፣ መድፋት፣ ቤኪንግ ሶዳ በተቀላቀለበት ውሃ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ፈጥኖ ማድረቅና ወዲያው ውስጡን በዘይት ማርጠብ። ከደረቀ በኋላ ዘይት ሳይነካው ቢያድር በማግስቱ ቀይ ሆኖ ይገኛል። ከተበሳ ደግሞ ቤንዚን የነበረበትን ሰልባትዮ በቀጥታ ወደ ብየዳ አይውሰዱ። ባዶ መስሎ የሚታየው ሰልባትዮ በትነት የተሞላ ነው፤ በየዳጁን ሊገድል ይችላል።

የካንዴላው ብልጭታ ቀላል ነገር ነው። ካንዴላው ከገመዱ ጋር ተያይዞ አካሉ ከሞተሩ ብረት ጋር እንደተነካካ፣ ቤንዚን በሌለበት፣ ኪኩ ይረገጣል። ሰማያዊ ብልጭታ ጥሩ ነው። ፕላቲን ያላቸው የቆዩት ላይ ብልጭታ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ፕላቲኑ ላይ ያረፈ ዝገት ነው፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይነካና ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይደረግ። አምፖል ሲገዙ ብዙዎቹ አሮጌ ያማሃዎች ባለ 6 ቮልት መሆናቸውን አይርሱ።

ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠል ነው። ያማሃዋ ለብቻው የሚያጠጣት ፓምፕ አላት፤ ከቆመች በኋላ ግን ፓምፑ አየር ይይዛል። መሥራቱን እስኪያረጋግጡ ድረስ 200 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ለ5 ሊትር ቤንዚን ቀላቅለው ይሙሉ። ትንሽ ብታጨስ ምንም አይደለም።

ከተነሳች በኋላ ካንዴላው ይታይ። ቀለሙ ገና መቅላት የጀመረ የተቆላ ቡና ቢመስል ትክክል ነው፤ ጥቁርና ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ግን ወዲያው ያጥፏት፣ አየር በዝቶ እየነደደች ነው። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ካርቡሬተር ቤንዚን ማብዛቱ የሚጠበቅ ነው። የመርፌውን ቅንጥብ አንድ እርከን ወደ ላይ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ይህ የሚነካው ግን የክራንኩ ሲሎች ጤነኛ መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ነው።

ፍሬን ላይ ገንዘብ አይቆጠብ። የእኛ አገር መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ጋዝ ሲዘጋ እንደ ቦክሰር አይዝም። የፍሬን ሸራው ብርጭቆ መስሎ ካንጸባረቀ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር፣ ከሳሳ ይቀየር። የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአፍ አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ጋዙን ዘግተው አይውረዱ፤ ጋዝ ሲዘጋ ዘይቱም አብሮ ስለሚቀር አልፎ አልፎ ከፈት እያደረጉ ሞተሩን ያጠጡት።

የወጣው አሮጌ ዘይትና የታጠበበት ናፍጣ ወደ ቦይ አይደፋ። የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበ ነው፣ ከምንጮቹም የምንጠጣው እኛው ነን። በጀሪካን ተጠራቅሞ ለጋራዥ ይሰጥ።

ቀለም የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከእሱ ስለሆነ ሥራው ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቃል። በዝናብ ወራት የተቀባ ደግሞ ነጭ ጉም ይይዛል። የቻለችውን ያህል የፋብሪካ ቀለሟን ይተዉላት፤ በተለይ ሰልባትዮው ላይ ያሉትን ሦስት የተቆላለፉ የሙዚቃ መቃኛ ሹካዎች አይፋቁ፤ ያማሃ ሞተር ሳይክል መሥራት ከመጀመሩ በፊት የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ እንደነበረ የሚናገር ምልክት ነው።

ግቢዎ ውስጥ የቆመች ካለች ብረት በኪሎ ለሚገዛው ከመስጠትዎ በፊት ካንዴላዋን ይፍቱና ያንን ሁለት ማንኪያ ናፍጣና ዘይት ይጨምሩላት። ኪኩ ከወረደ የቀረው ሥራ በአንድ ጥር ያልቃል።