የሚገጥም ጫማ፣ የማይለቅ ማሰሪያ

የስኪ ማሰሪያ ሁለት የሚጋጩ ሥራዎች አሉበት። ቁልቁል ለሚንሸራተት ሰው ስኪውን ከእግሩ ጋር አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ሰውየው ሲወድቅ ደግሞ አጥንቱ ከመሰበሩ በፊት ጫማውን መልቀቅ አለበት። መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው በውስጡ ያለው ሞላ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ሞላው ልኩን የሚጠብቀው ማሰሪያው የተሠራለት ዓይነት ጫማ ሲገባበት ነው። ለአቀበት የተሠራ የቱሪንግ ጫማ በተራ የአልፓይን ማሰሪያ ላይ ይደረግ አይደረግ የሚለው ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ክርክሩ በሲያትል ጎልቶ የሚሰማበት ምክንያት አለ። ከከተማዋ በአይ-90 አውራ ጎዳና 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ከተነዳ ስኖኳልሚ ማለፊያ ይደረሳል። በዚያ አካባቢ በሊፍት ወጥቶ መንሸራተትም፣ ከስኪ ማዕከሉ ውጭ በገዛ እግር ተራራውን ወጥቶ መውረድም የተለመደ ነው። ሁለቱንም የሚወድ ሰው ሁለት ጥንድ ስኪ ቢኖረውም ጫማው ውድ ስለሆነ አንዱን ለሁለቱም ማዋል ይፈልጋል። ጫማውን ማሰሪያው ላይ ሲረግጠው ቀጭ ብሎ ይገባል፤ ብዙ ሰው በዚህ ረክቶ ይሄዳል።

የአልፓይን ጫማ ሶል በአይሶ 5355 ደንብ የተወሰነ ነው። የጣቱ በኩል ውፍረት 19 ሚሊ ሜትር፣ የተረከዙ 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። በማሰሪያው ላይ የሚያርፈው ክፍልም ጠንካራና ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። አይሶ 9523 የሚገዛው የቱሪንግ ጫማ ግን ድንጋይና በረዶ ላይ ለመራመድ የታሰበ ነው፤ ሶሉ ጎማ ነው፣ ጥርስ አለው፣ ወደ ጣቱ ይጎብጣል፣ ውፍረቱም ከጫማ ጫማ ይለያያል። ከሁለቱም ደንቦች የወጡ በጣም ቀላል ጫማዎችም አሉ። እነዚህ የአልፓይን ማሰሪያ የሚይዘው የፊት ከንፈር ስለሌላቸው ጨርሶ አይገቡም። አደጋው ያለው በሚገባው ጫማ ላይ ነው።

ጉዳዩ ሲነሣ የሚወራው ስለ ሶሉ ከፍታና በማሰሪያው መስኮት ላይ ስለሚታየው፣ በተለምዶ ዲን ስለሚባለው ቁጥር ነው። ከሁለቱም ይልቅ ትኩረት የሚገባው ሰበቃ ነው። እግር ተጠምዝዞ ማሰሪያው ወደ ጎን እንዲለቅ የጫማው ጣት ከሥሩ ባለው ሳህን ላይ መንሸራተት አለበት። ወደ ፊት በመውደቅ ላይ ያለ ሰው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ጣቱን ወደ ታች በኃይል ይጫነዋል። ለስላሳ ፕላስቲክ በዚህ ጫና ሥርም ይንሸራተታል፤ ጎማ ግን ሲጫኑት ይነክሳል፣ የተሠራውም ለዚሁ ነው። እግሩ ማሸነፍ ያለበት እንግዲህ የሞላውንና የሰበቃውን ድምር ነው። የመስኮቱ ቁጥር የሚናገረው ስለ ሞላው ብቻ ነው፤ ሰበቃው ደግሞ ከጫናው ጋር ስለሚያድግ የሚከፋው መልቀቅ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ይህን በመለኪያ ያሳየው ሥራ ከሲያትል የወጣ ነው። ጄፍሪ ካምቤልና ኧርቪንግ ሸር የሚገኙበት ቡድን በ2017 ባሳተመው ጥናት 10 የቱሪንግና 5 የአልፓይን ጫማዎችን በ8 ዓይነት የአልፓይን ማሰሪያዎች ላይ ፈትሿል። የቱሪንግ ጫማ ከገባባቸው ጥምረቶች በአግባቡ የለቀቁት 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። አንድ ማሰሪያ ሁሉንም ጫማዎች በትክክል ሲለቅ፣ ሁለት ማሰሪያዎች አንድም የቱሪንግ ጫማ በትክክል አልለቀቁም።

ከዚህ አኃዝ ይልቅ የሚያሳስቡት ሌሎች ሁለት ግኝቶች ናቸው። የመጀመሪያው፣ የመስኮቱን ቁጥር መቀየር የቱሪንግ ጫማ በገባበት ማሰሪያ ላይ ለውጥ አላመጣም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ አድርገው» የሚለው የወዳጅ ምክር ያጽናናል እንጂ አይጠብቅም። ሁለተኛው፣ በሱቅ የሚደረገውን ቀላል ፍተሻ ያለፉ ብዙ ጥምረቶች የአወዳደቅን ውስብስብ ጫና በሚያስመስለው ፈተና ወድቀዋል። በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ጫማው ሲጠመዘዝ ከላይ የሚጫነው ክብደት የለም፤ ሰበቃውም አይታይም። ፍተሻው ለአልፓይን ጫማ አስተማማኝ ሆኖ ለጎማ ሶል አሳሳች የሚሆነው ለዚህ ነው።

መዘዙን የሚሸከመው ቅልጥም ነው። በዘመናዊ ማሰሪያ ምክንያት እየቀነሰ የመጣው የቅልጥም ስብራት በማይለቅ ማሰሪያ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የጉልበት ጅማት ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ የተለመደው ማሰሪያ ጅማትን ለማዳን ስላልተሠራ ትክክለኛ ጫማም ለጅማት ዋስትና አይሆንም። የሱቅ ባለሙያ በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ የሌለን ጥምረት አልሠራም ሲል አዲስ ዕቃ ሊሸጥ የፈለገ የሚመስላቸው አሉ። አምራቹ ለሱቁ በሕግ የሚቆምለት ግን በዝርዝሩ ላሉት ብቻ ነው፤ ዝርዝሩም ያለ ምክንያት አልጠበበም። ተከልክሎ የሄደ ደንበኛ ቤቱ ገብቶ ካቻቢቴ ሲያነሣ ነገሩ ይብሳል።

አምራቾች መፍትሔ አላጡም። ኤምኤንሲ ወይም ሶል አይዲ የሚል ምልክት ያላቸው ማሰሪያዎች ለሁለቱም የሶል ዓይነቶች እንዲስማሙ ከፍታቸው ይስተካከላል። ሳህኑ ራሱ ወደ ጎን የሚሄድ ሲሆን ጎማው መንሸራተት ሳያስፈልገው ከሳህኑ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ትልቁ ጥቅም ከከፍታው ይልቅ ይህ ነው። ግሪፕዎክ የተባለው ሶል ደግሞ ጎማ ቢሆንም ሳህኑን በሚነካበት ቦታ ጠንካራ ፕላስቲክ አለው፤ እሱም ቢሆን ለግሪፕዎክ የተፈቀደ ማሰሪያ ይፈልጋል። በ2018 ገበያ ላይ የዋለው የሳሎሞን ሺፍት ሲወጡ ጫማውን በፒን ይይዛል፣ ሲወርዱ እንደ አልፓይን ማሰሪያ ይሠራል።

እነዚህ ምልክቶች የሚናገሩት ግን ስለ አዲስ ዕቃ ነው። የመኪና ማቆሚያው አሸዋ የገባበት ሳህን ወይም በአስፋልት ላይ ሲሄዱ የተበላ ሶል ያው ምልክት እንደያዘ ይቀራል። ስኪ የማያውቅ ወላጅ ለልጁ ያገለገለ ስኪና ጫማ ከሰው እጅ ሲገዛ በመካከል ባለሙያ የለም፤ ማሰሪያውም በቀድሞው ባለቤት ክብደትና የሶል ርዝመት እንደተስተካከለ ነው የሚመጣው። ለሁለቱም ሶሎች የሚሆን ማሰሪያ ያለው ሰውም የአልፓይን ጫማውን በቱሪንግ ጫማ በቀየረ ቁጥር ከፍታው እንደገና መስተካከል፣ አለቃቀቁም እንደገና መፈተሽ አለበት። አንድ ስኪ ለወንድማማቾች በሚዞርበት ቤት ይህ ፍተሻ የሚዘለለው ጫማው ያለ ችግር ቀጭ ብሎ ስለሚገባ ነው።