ካሜራችን ታማኝ ምስክር ነውን? ጨረቃንና ከዋክብትን ከቤት ሆኖ ለማንሳት

 

ባለፈው ዓመት በረመዳን 29ኛው ቀን መግሪብ ሰግደን ከመስጊድ ስንወጣ አንድ የሰፈራችን ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሮጠ መጣ። «ሸይኻችን፣ አገኘኋት!» አለን። በስልኩ ላይ ቀጭን፣ ጥርት ያለች ለጋ ጨረቃ ትታያለች። እኛም ከደስታችን ብዛት ምስሉን ሳናሰፋ፣ ሌላ ያየ ሰው አለ ወይ ብለን ሳንጠይቅ፣ እዚያው ተክቢራ አሰማን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። ምስሉ በየስልኩ ሰፈሩን አዳረሰ። እናቶች ለዒድ ሊጥ አቦኩ። አንድ አባወራ ነገ ዒድ ነው ብሎ ቤተሰቡን ለሱሁር ሳይቀሰቅስ አደረ። ሌሊቱ ገፋ ሲል ፆሙ 30 እንደሚሞላ ተነገረ፤ የዚያ ቤት ልጆችም የመጨረሻውን ቀን ያለ ሱሁር ፆሙት።

በማግስቱ ምስሉን አስፍተን አየነው። በአንዱ ጥግ የመንገድ መብራት አለ። «ጨረቃዋ» ደግሞ ልክ በተቃራኒው ጥግ፣ ቀንዶቿን ወደ ታች ደፍታ ተቀምጣለች። መብራቱ በስልኩ ሌንስ ውስጥ ተንፀባርቆ የሠራው ቅርፅ ነበር። ልጁ አልዋሸም፤ ያየውን አመጣ። ሰዉ ግን «ውሸታም» አለው፤ እሱም ለብዙ ቀን ከመስጊድ ቀረ። ቤቱ ሄደን ይቅርታ የጠየቅነው እኛ ነን። ሳይመረምር ተክቢራ ያሰማው ኢማም ነዋ!

እኛ በኪታብ ያደግን ሰዎች፣ ሐዲስ ስንማር ከሁሉ በፊት የተማርነው ስለ አስተላላፊው መጠየቅን ነው። ሰውዬው እውነተኛ ነው? ደግሞስ የሰማውን በትክክል ይይዛል? ደግ ሰው ሆኖ መያዝ የማይችል ከሆነ ቃሉ ብቻውን አይበቃም። ካሜራም ሆነ ቴሌስኮፕ እንደዚያው ነው። ምስክርነቱን ከመቀበላችን በፊት ጠባዩን ማወቅ አለብን። በዚህ ዓመት ያ ወጣትና ጓደኞቹ እያስተማሩን ያገኘነውን ለእናንተም እናካፍላለን። አስቀድመን ግን አንድ ነገር እናስታውስ፤ የፆሙን መግቢያና መውጫ የሚያሳውቀው ጠቅላይ ምክር ቤታችን ነው። የቤት ምስል ለትምህርትና ለማስተንተን እንጂ ለፈትዋ አይደለም።

ከመግዛታችን በፊት

የመስጊዳችን ወጣቶች በመጀመሪያ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ገዙ። ሳጥኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» ይላል። አወጣነው፤ ጨረቃን ስናይ የተንቀጠቀጠች ጭጋግ ብቻ ሆነችብን። ወጣቶቹም ተሸወድን አሉ።

ቴሌስኮፕ የሚመዘነው በማጉላቱ ሳይሆን ብርሃን በሚሰበስበው የፊት ሌንስ ወይም መስታወት ስፋት ነው። የሚጠቅመው ትልቁ ማጉላት የዚያ ስፋት በሚሊ ሜትር እጥፍ ያህል ነው። ፊቱ 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ120 ጊዜ በላይ ቢያጎላ ትርፉ ጭጋግ ነው። ማጉላቱን ለማወቅ በቴሌስኮፑ ላይ የተፃፈውን የትኩረት ርዝመት ዓይናችንን በምናስጠጋበት ሌንስ ቁጥር ማካፈል ነው። ርዝመቱ 700 ሆኖ ሌንሱ 25 ከሆነ 28 ጊዜ፣ 10 ከሆነ 70 ጊዜ ያጎላል። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ያለው ሌንስ ትንሽ ያጎላል፤ ሰፊ ሰማይም ያሳያል። ሁልጊዜ በእሱ ይጀመር። እኛም ሌንሱን ቀይረን በ28 ስንሞክረው ያው «አሸወደን» የተባለው ቴሌስኮፕ የጨረቃን ጉድጓዶች አሳየን።

ብዙ ቤተሰብ ዕቃ የሚያስመጣው ከጅዳ ወይም ከዱባይ ከሚመለስ ዘመድ ነው። ለዚያ ዘመድ ምን እንበለው? መጀመሪያ 10 በ50 የሚባለውን ባይናኩላር፤ 10 ጊዜ ያጎላል፣ እያንዳንዱ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ሁለተኛ የማይነቃነቅ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ማለትም ትራይፖድ። ሦስተኛ ስልኩን መቆሚያው ላይ ወይም ቴሌስኮፑ ላይ አጥብቆ የሚይዝ መያዣ። ካሜራ ያለው ሰው 200 ወይም 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃዋል። በ200 ሌንስ ጨረቃ በካሜራው ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትሆነው። ትንሽ ናት፤ ግን እውነተኛ ናት።

ከዋክብትን እየተከተለ የሚዞረውን ውድ መሣሪያ በመጀመሪያ አትግዙ። እሱ የሚስተካከለው በሰሜን ኮከብ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ይህ ኮከብ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ከቤትና ከተራራ ጀርባ ብዙ ጊዜ ይጋረዳል።

ሲያስቸግር

*ምስሉ ነጭ ኳስ ብቻ ሲሆን።* ካሜራው የሰማዩን ጨለማ አይቶ ብርሃን ያበዛል። ሙሉ ጨረቃ ግን ፀሐይ የመታችው ድንጋይ ናት። በስልክ ከሆነ ጨረቃዋን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ወደ ታች መቀነስ ነው። በካሜራ ከሆነ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11፣ ፍጥነት 1/125 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ለጋ ጨረቃ ግን ደብዛዛ ስለሆነች ረዘም ያለ ጊዜ ትፈልጋለች፤ በ1/60፣ በ1/30፣ በ1/15 ደጋግሞ አንስቶ መምረጥ ይሻላል።

*ምስሉ ሲደበዝዝ።* ስልክ በጨለማ ራሱን ማስተካከል ያቅተዋል። ከመጨለሙ በፊት በሩቅ ያለ ሚናራ ወይም የስልክ ማማ ላይ አስተካክሎ መቆለፍ ነው። የቴሌስኮፑን አነጣጣሪም በዚሁ ሩቅ ነገር ላይ በቀን ማስተካከል ይቻላል፤ ይህን ስናደርግ ግን ከፀሐይ ፊታችንን አዙረን ይሁን።

*ሲንቀጠቀጥ።* የመቆሚያውን እግሮች አታስረዝሙ። መሐሉ ላይ ድንጋይ የያዘ ከረጢት አንጠልጥሉ። ቁልፉን በጣት ከመጫን ይልቅ ታይመሩን ተጠቀሙ። ጨረቃ በ2 ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ሰማይ ላይ ስለምትሻገር በብዙ ማጉላት ረጅም ጊዜ የተነሳ ምስል መደብዘዙ አይቀርም።

*ከቤት እንደወጣ ጥራት ሲያጣ።* ከሞቀ ክፍል የወጣ ቴሌስኮፕ ከውጭው ብርድ ጋር እስኪላመድ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ተራዊህ ከመሄዳችን በፊት ጥላ ቦታ ብናቆመው ስንመለስ ይጠብቀናል። ሌንስን በጀለቢያ እጅጌ ወይም በሻሽ ጫፍ መጥረግ ግን ይቅር። የሰፈራችን አቧራ አሸዋ አለበት፤ ሌንሱን ይጭረዋል። መጀመሪያ አቧራውን በትንፋሽ ሳይሆን በጎማ መንፊያ ማራገፍ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ ቀስ ብሎ መንካት ይገባል።

*ምስሉ ሲገለበጥ።* ይህ ብልሽት አይደለም። የቴሌስኮፕ ጠባይ ነው።

ሐሰተኛዋን ጨረቃ መለየት

ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት «ኪታብ አል-መናዚር»ን የፃፈው ኢብኑል ሀይሠም ስለ ብርሃን ሲያጠና ዓይን የሚሳሳትባቸውን ምክንያቶችም ለይቶ መርምሯል። እኛም ለካሜራችን አራት ጥያቄዎች አዘጋጅተናል።

አንደኛ፣ የብርሃኗ ጎን ወዴት ነው? የለጋ ጨረቃ ብሩህ ጎን ሁልጊዜ ወደ ጠለቀችው ፀሐይ ያያል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በዚህ ወቅት ጨረቃ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ጀልባ ትንጋለላለች። ባለፈው ዓመት ቀንዶቿን ወደ ታች የደፋችውን አይተን መጠርጠር ነበረብን።

ሁለተኛ፣ ካሜራውን ስናነቃንቅ ምን ታደርጋለች? እውነተኛዋ ከተራራውና ከጣሪያው አንፃር ቦታዋን አትለቅም። ነፀብራቅ ግን ከካሜራው ጋር ይንሸራተታል። መብራቱን በእጅ ስንጋርደው ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ የት ናት? እውነተኛዋ ወደ አድማስ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ አንድ ምስል ሳይሆን ሦስት፣ በተለያየ ሰዓት ይነሳ።

አራተኛ፣ ስልኩ ከራሱ ጨምሯል ወይ? አንዳንድ ዘመናዊ ስልኮች ጨረቃ መሆኗን ሲለዩ ሌንሱ ያልያዘውን ዝርዝር ራሳቸው ያክላሉ። ምስሉ ያምራል፤ ምስክርነቱ ግን ይጎድላል። ይህን ማሳመሪያ መዝጋት የሚቻል ከሆነ ይዘጋ።

ከሁሉ በላይ ወላጆች ይህን አደራ ያዙ፦ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ባይናኩላርም ሆነ ቴሌስኮፕ ወደ ምዕራብ አይዙር። በሌንስ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን በቅፅበት ዓይን ያጠፋል። የጠፋ ዓይን ደግሞ አይመለስም።

ረመዳን የልምምድ ወር ነው

ለጋ ጨረቃን በ29ኛው ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ መፈለግ ያልተማሩትን ፈተና መቀመጥ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ጨረቃ ለፀሐይ 7 ዲግሪ ያህል ወይም ከዚያ በታች ቀርባ ከሆነ ደግሞ ማንም አያያትም። አዲስ አበባ ላይ ያለን ሰዎች በምዕራብ በኩል የወጨጫ ተራራ ስላለ አድማሳችን ከፍ ያለ ነው፤ ጨረቃ ሳትጠልቅ ከተራራው ጀርባ ትሰወርብናለች። ስለዚህ ቦታውን አስቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል።

ወሩ ራሱ ደረጃ በደረጃ ያስተምረናል። በ14ኛውና በ15ኛው ሌሊት ሙሉዋ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ትወጣለች፤ ከተራዊህ ስንመለስ ከፍ ብላ እናገኛታለን። ብርሃን መቀነስንና ማስተካከልን በእሷ ላይ እንማር። ቤታችን ውስጥ በድሪያ ወይም በድሩ የሚባል ልጅ ካለ ስሙ የዚህችው ሙሉ ጨረቃ መሆኑን እንንገረው። የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ደግሞ ቀጭኗ አሮጌ ጨረቃ በሱሁር ሰዓት በምሥራቅ ትታያለች። ቅጥነቷ የምሽቷን ለጋ ጨረቃ ስለሚመስል ከእሷ የተሻለ መለማመጃ የለም። ሰማዩ ሲቀላ ግን መሣሪያው ይነሳ፤ ፀሐይ እየመጣች ነው።

ጨረቃ በሌለችባቸው ሰዓቶች ከዋክብት አሉ። ስልኩን መቆሚያው ላይ አስረን በሌሊት ማንሻው 10 ወይም 15 ሰከንድ ብንሰጠው ባዶ ዓይን ያላየው ብዙ ነገር ይመጣል። በኛ የመድረሳ ዐረብኛም ሰማዩ ይነበባል። ፈረንጆች ሪጅል የሚሉት ብሩህ ኮከብ «ሪጅል»፣ እግር ማለት ነው። አልደበራን ማለት «ተከታዩ» ነው፤ የሚከተለውም ሱረያን፣ ያችን ትንሽ የከዋክብት ዘለላ ነው። ሱረያ የሚባሉ ልጆቻችን ስማቸውን በሰማይ ላይ ሲያዩት የሚሰማቸውን ደስታ አይተነዋል።

ከዚህ ረመዳን በፊት፣ በሸዕባን 29ኛው ምሽት፣ ያ ወጣት መሣሪያውን በመስጊዱ ግቢ ተከለ። ሰዉ ከበበው። እሱም እያነሳ፣ እያሰፋ፣ ካሜራውን እያነቃነቀ ቆየ። በአንዱ ምስል ላይ ነጭ መስመር ትታያለች። «ናት! ናት!» አሉ ከጀርባው። እሱ የጎረቤቱን መብራት በእጁ ጋረደና ደግሞ አነሳ፤ መስመሯ ጠፋች። ወደ እኛ ዞሮ «ሸይኻችን፣ አላየሁም» አለን።

«ባረከላህ ልጄ» አልነው። በዚያ ምሽት ከተነሱት ምስሎች ሁሉ ይልቅ ያስደሰተን ያ ቃል ነው። ያላየውን አላየሁም የሚል ምስክር፣ አየሁ ሲል ይታመናልና።

አላህ ፆማችንንና ሶላታችንን ይቀበለን፤ ዓይናችንንም ልባችንንም በእውነት ያብራልን። አሚን።