ትምህርት ቤት ሳይገቡ ፊደል የቆጠሩ ልጆች

በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ ወይም በአውበሬ አንደኛ ክፍል የሚገባውን የሰባት ዓመት ልጅ «ገና ፊደል ያልቆጠረ» ብሎ መገመት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ልጁ ዱግሲ ሲውል ከርሟል። ዱግሲ የቁርኣን ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ የዐረብኛ ፊደል በእንጨት ሎሕ ላይ ጽፏል፣ አጥቧል፣ መልሶ ጽፏል። ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ፣ ሰምቶ በቃል መያዝ፣ መምህሩን «መዓሊን» ብሎ በአክብሮት መጥራት ለእሱ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ጠመኔ ይዞ ፊቱ የቆመው እጩ መምህር ነው። እጩውስ ስለዚህ ልጅ ምን አውቆ ነው የሚገባው?

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የእጩ መምህራን የትምህርት ቤት ልምምድ በየኮሌጁ «ፕራክቲከም» ይባላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ «ቴሶ» በሚል አጭር ስም የታወቀው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ ልምምዱን በሥልጠናው ዘመን ሁሉ አከፋፈለው፤ መጀመሪያ መመልከት፣ ቀጥሎ ነባሩን መምህር ማገዝ፣ በመጨረሻ ክፍሉን ተረክቦ ራስን ችሎ ማስተማር። በንጉሡ ዘመን ለዚህ አካባቢ ቅርቡ የመምህራን ማሠልጠኛ ሐረር ነበር። ዛሬ ጅግጅጋ የራሷ ኮሌጅ አላት፤ የሚጠራውም በቀድሞው ሚኒስትርና በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ አምባሳደር በነበሩት በዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን ስም ነው። በታችኛዎቹ ክፍሎች ለማስተማር የሚሠለጥነው እጩ ቋንቋውንም፣ ሒሳቡንም፣ እንግሊዝኛውንም ብቻውን እንዲይዝ ይጠበቃል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በሶማልኛ የማስተማር ታሪክ ራሱ የፊደል ታሪክ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሶማልኛ ሲሆን የተጻፈውም በግእዝ ፊደል ነበር። ድንበር ማዶ ሶማሊያ በጥቅምት 1965 ዓ.ም. የላቲንን ፊደል ደንግጋ ነበር። በኢትዮጵያ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገዱን ሲከፍት በሶማሌ ክልል ሥራ ላይ የዋለው ይኸው ላቲን ነው። አያት በዘመቻው ጊዜ ሶማልኛን በግእዝ ፊደል አንብባ የልጅ ልጇ በላቲን ብታነብ እዚህ አገር ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ልጁ ታዲያ የዐረብኛውን ከዱግሲ ይዞ ይመጣል፣ የሶማልኛውን ላቲን አንደኛ ክፍል ያገኛል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ አማርኛ ከነፊደሉ ይደርስበታል። ሦስት የአጻጻፍ ሥርዓት ማለት ነው። የአዲስ አበባ የአንደኛ ክፍል መምህር እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይገጥመውም።

ከባዱ ግን የፊደሉ ብዛት አይደለም፤ የአንዱ ፊደል ሁለት ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ «ሲ» የሚለው ፊደል በሶማልኛ የዐይን ድምፅ ነው፤ ከጉሮሮ የሚወጣው «ዓ»። ወተት ማለት የሆነው «ዓኖ» የሚጀምረው በእሱ ነው። «ኤክስ» ደግሞ ጠንካራውን «ሐ» ይወክላል፤ ከብት ማለት የሆነው «ሖሎ» በእሱ ይጻፋል። (እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የሁለቱንም ፊደል በገበታችን ይዘን ድምፃቸውን ከረሳን ቆይተናል፤ ከሌላ ክልል ጅግጅጋ ተመድቦ የሚመጣ መምህር በዚህ ነገር ከልጆቹ ቢማር አያፍርም።) እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ስለሚሰጥ ልጁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንኑ ምልክት በሁለት ድምፅ ይሰማል። ሁለቱንም የሚያስተምረው ደግሞ ያው አንድ መምህር ነው።

ስለዚህ ለልምምድ የሚወጣ እጩ የትምህርት ዕቅዱን ቅጽ ከመሙላቱ በፊት ሁለቱን ፊደላት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚጋጩበትን ቦታ ቢለይ ግማሽ ሥራውን ጨረሰ። በሶማልኛው ክፍለ ጊዜ ፊደሉን በእንግሊዝኛ ስሙ አለመጥራት ቀላል የሚመስል፣ ግን ተለማምደው ካልያዙት የሚያመልጥ ነገር ነው። የአናባቢው ርዝመትም እንዲሁ። «በድ» ባሕር ነው፤ «ባድ» ግጦሽ። በጽሑፍ ልዩነታቸው የአናባቢዋ መደገም ብቻ ነው፤ ልጁ ጆሮው ካልለየው እጁም አይለየውም።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ እዚሁ አለ። የሶማልኛ ፊደል ቅደም ተከተል የእንግሊዝኛውን አይከተልም፤ የዐረብኛውን ነው የሚመስለው፦ ባ፣ ታ፣ ጃ፣ ሐ፣ ኻ፣ ዳ፣ ራ፣ ሳ... ዱግሲ የዋለ ልጅ ቅደም ተከተሉን ባመዛኙ በቃሉ ይዞታል። ቅርጹ አዲስ፣ አቅጣጫው የተገለበጠ ቢሆንም ዜማው የታወቀ ነው። ግድግዳ ላይ የእንግሊዝኛውን ገበታ ብቻ ሰቅሎ የሚጀምር እጩ ይህን ስጦታ ሳያውቀው ይጥለዋል። ከዚህም የሚበልጥ አለ። በሶማሌ ዱግሲዎች ልጆች አናባቢን የሚማሩት «አሊፍ ላ ኮርዸበይ፣ አሊፍ ላ ሆስዸበይ፣ አሊፍ ላ ጎደይ» እያሉ ነው፤ ምልክቱ ከላይ ሲሆን፣ ከታች ሲሆን፣ ሲጠቀለል ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ በሶማልኛ የሚናገር ስልት ነው። ስልቱን ያወጡት አው በርኸድሌ በሚል ስም የሚታወቁት ሼኽ ዩሱፍ አል ከውነይን እንደሆኑ ይነገራል። ድምፅን ከምልክት ጋር ማጣመር በውጭ ባለሙያዎች የሥልጠና ሰነድ እንደ አዲስ ዘዴ ሲቀርብ ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል። እጩው ዘዴውን ከባዶ መጀመር የለበትም፤ ልጆቹ ያውቁታል።

ይህ ሁሉ በቃል መያዝ ግን አንድ አደጋ አለው። በቃል መያዝ የሠለጠነ ልጅ የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሰማ በኋላ አንድም ፊደል ሳይለይ ከላይ እስከ ታች «ያነበዋል»። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲደግም ደግሞ ማን እንደሚያነብ፣ ማን እንደሚያጅብ አይታወቅም። በ2002 ዓ.ም. ሶማልኛን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የታችኛ ክፍል የንባብ ምዘና በጥናቱ ከተካተቱት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጅተዋል፤ በኅብረት መድገሙ ግን መጽሐፍ በመለወጥ ብቻ የሚለወጥ አይደለም። ክፍሉን አፍ ማስዘጋት መፍትሔ አይሆንም። ከኅብረቱ ድምፅ በኋላ ገጹን ሸፍኖ ቃሉን ብቻ ማሳየት፣ ፊደላቱን ከተራቸው አውጥቶ መጠየቅ፣ አንዷን ልጅ ጣቷን እያስቀመጠች ብቻዋን እንድታነብ ማድረግ፤ ይህን ነው እጩው ተለማምዶ መምጣት ያለበት።

የት ይለማመደው? በኮሌጅ ውስጥ «ማይክሮ ቲቺንግ» የሚባል አለ፤ እጩዎች ተራ በተራ ለጓደኞቻቸው ያስተምራሉ። ለድምፅ፣ ለሰሌዳ አጻጻፍ፣ ለሰዓት አጠባበቅ ይጠቅማል። ነገር ግን ጓደኛ ልጅ መስሎ ሲቀመጥ ሁሉም ነገር ይሳካል፤ ማንበብ የማይችል መስሎ መቀመጥን የሚያህል ከባድ ትወና የለም። በእኔ አስተያየት ከዚህ ይልቅ የመመልከቻው ወቅት ቢረዝም ይሻላል። አብዛኛው እጩ ይህን ወቅት እንደ መቆያ ያየዋል፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመምህሩን ንግግር ይገለብጣል። መቀመጫውን አዙሮ ልጆቹን ቢያይ፣ መምህሩ የማንን ስም እንደጠራና የማንን እንዳልጠራ ቢመዘግብ፣ ደረጃው አንድ መምህር ለ50 ተማሪ ቢልም ክፍሉ ሞልቶ ሲያልፍ የኋላው ወንበር ምን እንደሚሠራ ቢከታተል ብዙ ያተርፋል።

ቋንቋውንም ማንሳት አለብኝ። የ1986ቱ ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ መምህራን በሚያስተምሩበት ቋንቋ እንዲሠለጥኑ አዝዞ ነበር። ስለ ማስተማር ሙያ የተጻፈው መጽሐፍ ግን ባብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። እጩው ነገሩን በእንግሊዝኛ አውቆት በሶማልኛ ሊያዝበት ሲል ይደናቀፋል። «ድምፁን ለዩ»፣ «ከጎናችሁ ካለው ጋር ተነጋገሩ» የሚሉትን ትእዛዞች ለልጅ በሚገባ ሶማልኛ አስቀድሞ ጽፎ ጮክ ብሎ ማለት አለበት።

የወቅቱ ነገር ደግሞ እንደየቦታው ይለያል። ጅግጅጋ ከተማ ላይ ብዙም ላይታይ ይችላል። በሽንሌ፣ በኤረር፣ በአይሻ ዙሪያ ግን ከታኅሣሥ ወዲያ ደረቁ ጂላል ሲበረታ አርብቶ አደሩ ቤተሰብ ወደ ውኃና ግጦሽ ይንቀሳቀሳል፤ ልጁም አብሮ። በዚያ ወቅት የተላከ እጩ ስም መጥሪያው ላይ ያለውን ልጅ ወንበር ላይ ያጣዋል። ዝናቡ ሲመለስ ልጁም ይመለሳል፤ ያመለጠውን ገጽ ግን ማንም አልጠበቀለትም። በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በሸደር ስደተኞች ካምፖች ወይም በባቢሌ አቅራቢያ በቆሎጂ የተፈናቃዮች ሠፈር ዙሪያ ደግሞ ከሰባት ዓመት ልጅ ጎን አሥራ አንድ ዓመት የሞላው መቀመጡ እንግዳ አይደለም። ትልቁን ልጅ እንደ ሰነፍ ሳይሆን ዘግይቶ እንደጀመረ ሰው መያዝ፣ ለትናንሾቹ የሚያነብበትን ጊዜ መስጠት ይቻላል።

ልጅ አያያዝን ካነሳን ዱላውንም በአጭሩ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ይከለክላል፤ እጩው ሌላ ቦታ ምንም ቢያይ ይህ ድርድር የለበትም።

ልምምዱ ሲያልቅ እጩው ይሄዳል፤ ክፍሉ ከነባሩ መምህር ጋር ይቀራል። ኮሌጁ የሚወስደው የውጤት ቅጹን ነው፤ ቅጹ ስለ እጩው እንጂ ስለ ልጆቹ ብዙም አይናገርም። እጩው ከመሄዱ በፊት ብቻቸውን ማንበብ የቻሉትን፣ ከኅብረቱ ጋር ብቻ የሚያነቡትን፣ «ዓ»ንና «ሐ»ን ከእንግሊዝኛው የሚያምታቱትን በስም ጽፎ ለመምህሩ ቢያስረክብ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ከዚያ ይጀምራል። ኮሌጆች ለዚያች አንዲት ገጽ ነጥብ ቢሰጡ ደግሞ እጩዎች ሁሉ ይጽፏታል።