ስለ ዕድር የተጻፈውን በመረጃ ቋት ውስጥ ስለ መፈለግ

አንድ ተማሪ ስለ ዕድር ለማጥናት ተነሥቶ፣ ቃሉን በመረጃ ቋት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ጥቂት ነገር ቢያገኝ፣ «በዚህ ጉዳይ እምብዛም አልተጻፈም» ብሎ በመመረቂያ ጽሑፉ መቅድም ላይ ሊያሰፍር ይችላል። እንዲህ ያለው ቃል ከእርሱ በፊት የደከሙትን ሰዎች ሥራ እንዳልነበረ ስለሚያደርግ፣ ቀላል ስሕተት አይደለም።

የስሕተቱ መነሻ የፊደል ነገር ነው። አብዛኛው የመረጃ ቋት በመሠረቱ የሚያነጻጽረው ፊደልን ከፊደል ጋር እንጂ አሳብን ከአሳብ ጋር አይደለም። ዕድርን በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዳንዶቹ በ‹አይ›፣ አንዳንዶቹ በ‹ኢ› ይጀምሩታል፤ ‹ዲ›ን አንዱ ነጠላ፣ ሌላው ድርብ ያደርገዋል፤ ቀጥሎ ያለውም አናባቢ እንዲሁ በሁለት መንገድ ይጻፋል። በዚህ ብቻ ስምንት አጻጻፍ ይገኛል። በቃል መጨረሻ የሚደረገው የኮከብ ምልክት፣ ልዩነቱ ከመጀመሪያው ፊደል ስለሚነሣ፣ እዚህ ላይ አይረዳም። የሚሻለው ስምንቱንም ጽፎ በመካከላቸው ‹ኦር› የሚለውን የእንግሊዝኛ ማያያዣ በትልልቅ ፊደል ማግባት፣ ሁሉንም በቅንፍ መክተት፣ ከዚያም ‹ኤንድ› በሚለው ማያያዣ የኢትዮጵያን ስም መጨመር ነው፤ ጄስቶር ይህን አጻጻፍ ይቀበላል። ከስምንቱ አንዱ የአንድ የጀርመን ወንዝ ስም ጭምር ስለ ሆነ፣ የሀገሩን ስም የዘነጋ ሰው ስለ ወንዝ ብዙ ያነባል።

በአማርኛ ሲፈለግም ችግሩ አይቀርም። ዕድርን በዐይኑ ‹ዕ› የሚጽፍ እንዳለ፣ በአልፋው ‹እ› የሚጽፍም አለ፤ ‹ማኅበር›ም እንዲሁ በሦስት ዓይነት ‹ህ› ይጻፋል፤ ለጆሮ አንድ የሆነው ለመኪናው ልዩ ልዩ ነው። ከዚህም በላይ፣ ከቀድሞ ኅትመት በፎቶግራፍ በተነሡ ገጾች ላይ መኪናው የግዕዝን ፊደል አጥርቶ ስለማያነብ፣ ጽሑፉ በቋቱ ውስጥ እያለ ፍለጋው ሊስተው ይችላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1963 መታተም የጀመረውን ጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስን የሚመረምር ሰው፣ የየቅጹን ማውጫ በዓይኑ ቢያነብ ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

የደራሲ ስምም ያሳስታል። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በአንዱ ዝርዝር ‹ታደሰ› ከሚለው ሥር፣ በሌላው የአባታቸው ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ‹ታምራት› ከሚለው ሥር ሊገኙ ይችላሉ። ዘመንን ወስኖ የሚፈልግም፣ በዓመተ ምሕረት የተመዘገበ ኅትመት በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚታይ ማሰብ አለበት።

የፈረንሳይኛው አናል ዴትዮፒ ግን እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የወጣ ሲሆን፣ ቀደምት ቅጾቹ በፐርሴ ያለ ክፍያ ይነበባሉ። በዚያ የሀገሩ ስም በፈረንሳይኛ አጻጻፍ መፈለግ አለበት።