ቡናማው ዱቄት ከየት መጣ?

ሞተር ሳይክሉ ሚኒሞ ላይ እንከን የለውም። ሜዳ ላይም ይበርራል። የእንጦጦን የኮረኮንች ዳገት ሲጀምር ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይቆራረጣል። ጥቂት አርፎ ሲነሳ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይሄዳል። ባለቤቱ ወደ ጋራዣችን ያመጣው ይህን የዳገት ሕመም ነበር።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ካንዴላው ነው። ተፈትቶ ሲታይ እሳቱ ደህና ነው፤ ጫፉ ግን ነጭ ሆኗል። ነጭ ካንዴላ ቤንዚን ያነሰውና አየር የበዛበት ቃጠሎ ምልክት ስለሆነ ፍለጋው ከእሳት ወደ ነዳጅ ዞረ። የሰልባትዮው ክዳን መተንፈሻ ተደፍኖ ይሆን? ክዳኑን አላልተን ዳገቱን ሞከርነው፤ ለውጥ የለም።

በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ቢሆን ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ፍለጋው አጭር ነበር። ይህኛው ኢንጀክሽን ነው። የሱዙኪ የ2008 ሞዴል አርኤም-ዜድ450 ያለ ባትሪ የሚሠራ ኢንጀክሽን ይዞ ወደ ሞቶክሮስ ከገባ ወዲህ ሌሎቹም የክሮስ ሞተሮች ተከትለውታል። ሰልባትዮው ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ቤንዚኑን በ3.5 ባር ገደማ ትገፋለች። እዚህ ሞተር ላይ ኮምፒውተሩ የሚያዘው ኢንጀክተሩ ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደሚቆይ ነው፤ ግፊቱን ራሱ አይለካም፣ ልክ ነው ብሎ ይቀበላል። ግፊቱ ሲወርድ ሞተሩ ይራባል፤ ኮምፒውተሩ አያውቅም።

ስለዚህ መለካቱ የእኛ ፈንታ ሆነ። በፖምፓዋና በኢንጀክተሩ መካከል ማኖሜትር አስገብተን፣ ቆጣሪውን መሪው ላይ አስረን ዳገቱን ወጣን። ሚኒሞ ላይ 3.5 ይላል። ዳገቱ መሃል ወደ 2 ወረደ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ይህኛው ባትሪ ስላለው ባትሪው ተነቅሎ ፖምፓዋ ወጣች። የመምጠጫዋ ወንፊት በቡናማ ዱቄት ተለብጧል። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ነው፤ የእንዲህ ዓይነት ሞተር የቤንዚን ፊልትሮ እስከ 10 ማይክሮን የደቀቀውን ይይዛል። በዚያ ዱቄት መካከል ለሚኒሞ የሚበቃ ቤንዚን ያልፋል፤ ዳገት የሚጠይቀው ግን አያልፍም። ቤንዚኑ ለፖምፓዋ ማቀዝቀዣዋና ማለስለሻዋም ነውና፣ ሲያንሳት ግላ ተበልታለች። ወንፊቱ ተቀይሮላት እንኳ ግፊቷ አልተመለሰም። አዲስ ፖምፓ ከነፊልትሮዋና ከነኦሪንጓ ገባች፤ ዳገቱም ተወጣ።

ሥራው እዚህ ያለቀ ይመስላል። ሁለት ጥያቄዎች ግን መልስ አላገኙም። የመጀመሪያው፣ ተርቦ የነደደ ሞተር ከመጠን በላይ ይግላልና፣ ግለቱ ፒስቶኑን ጎድቶት ይሆን የሚለው ነው። ለዚህ ምስክሩ የዘይት ፊልትሮው ነው። በዚህ ሞተር ፒስቶኑን፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን የሚያገለግለው ያው አንድ ዘይት ስለሆነ፣ ከሁሉም የተፋቀው እዚያ ይጠራቀማል። ዘይቱን ሞቅ እንዳለ አፍስሰን፣ ፊልትሮውን አውጥተን ወረቀቱን ቀደድነው። ብርሃን ላይ ዘርግተን ማግኔት አስጠጋንበት። ጥቁር የፍሪሲዮን ብናኝ አለ፤ ማግኔት የሚያነሳው ጥቂት የማርሽ ብናኝም አለ። ማግኔት የማያነሳው የአሉሚኒየም ብልጭታ ግን የለም፤ ፒስቶኑ አልተላጠም። አዲሱ ፊልትሮ አቅጣጫው ተጠብቆ ገባ፤ ተገልብጦ ቢገጠም የዘይቱን መንገድ ሊዘጋው ይችላልና።

ሁለተኛው ጥያቄ የዱቄቱ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ሲታሽ የዝገት ቀለም ሰጠ። የዚህ ሞተር ሰልባትዮ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ አይዝግም። ዝገቱ ከውጭ ገብቷል ማለት ነው።

«ገጠር ስትወጣ ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው?» ብለን ባለቤቱን ጠየቅነው።

«ማደያ በሌለበት ከበርሜል እየቀዱ ከሚሸጡት ነው የምገዛው» አለ።

በብረት በርሜል ግርጌ ውሃ ይተኛል፤ ውሃው ብረቱን ያዝጋል፤ በርሜሉ ሊያልቅ ሲል የሚቀዳው ቤንዚን ዝገቱን ይዞ ይወጣል። አዲሷ ፖምፓ ብቻዋን መድኃኒት አትሆንም ነበር፤ ከዚያው በርሜል እየጠጣች እንደ ቀድሞዋ ትሞታለች። ለባለቤቱ ያዘዝንለት በርካሽ የሚገኝ ነገር ነው፦ ጥሩ ወንፊት ያለው ማጣሪያ ይያዝ፣ የበርሜል ዝቃጭ አይግዛ። መካኒክ ሁሉ የተበላሸ ዕቃ ሲቀይር አሮጌውን ከመጣሉ በፊት ቀዶ ይየው፤ አዲሱን ዕቃ ከተመሳሳይ ሞት የሚያድነው መልስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።