«ሌባ አይደለሁም፤ መጠበቅ አቅቶኝ ነው!»

ለዚህ ዓምድ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር ናቸው። እሱ ተወኝ፣ እሷ ከዳችኝ፣ ቤተሰቦቿ አልወደዱኝም... በዚህ ሳምንት ግን አንዲት የ24 ዓመት እህታችን የላከችልኝ ለየት ይላል። ጉዳዩ የታናሽ ወንድሟ ነው። ልጁ 16 ዓመቱ ነው፤ የቪዲዮ ጌም ነገር አይሆንለትም። እራቱን ረስቶ የሚያመሽ ዓይነት ነው። ሰሞኑን ታዲያ ገና ለሽያጭ ያልወጣ ጌም ከኢንተርኔት አውርዶ ለሰፈር ጓደኞቹ ሲያድል ደረሰችበት። «ይሄ ስርቆት አይደለም ወይ?» ብትለው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ሌባ አይደለሁም፤ ስለምወደው መጠበቅ አቅቶኝ ነው። ደግሞም ኮፒ ነው፣ የማን ዕቃ ጎደለ?»

«መልስ አጣሁለት፣ ምን ልበለው?» ትላለች።

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔም በወንድምሽ ላይ ጣቴን ለመቀሰር ድፍረቱ የለኝም። በልጅነቴ ከክፍል እየቀረሁ ፕሌይስቴሽን ቤት የምውል ልጅ ነበርኩ። እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ኦሪጅናል ዲስክ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ስማቸው በእስክሪብቶ የተጻፈባቸው ኮፒዎች ነበሩ። ከየት መጡ ብዬ የጠየቅኩበት ቀን የለም። ተራዬ እስኪደርስ ብቻ ነበር የምቸኩለው።

ስለዚህ ምክር ከምደረድርልሽ የአንድ ጀርመናዊ ወጣት ታሪክ ላጫውትሽ። እሱም እንደ ወንድምሽ የሚወደውን ጌም መጠበቅ ያቃተው ነበር።

ቫልቭ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሃፍ ላይፍ የተሰኘ ጌም አውጥቶ የተጫዋቹን ልብ ሰረቀ። ከዚያ ሁለተኛውን ክፍል ለመሥራት በሩን ዘግቶ ዓመታት ተቀመጠ። በ2003 ሎስ አንጀለስ ላይ በተደረገው ትልቅ የጌም ኤግዚቢሽን ቅንጫቢውን ሲያሳይ ያየው ሁሉ አፉን ያዘ። ኩባንያውም ሴፕቴምበር 30 ይወጣል ብሎ ቀን ቆረጠ። በጀርመን ጥቁር ደን በሚባለው አካባቢ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖረው የኛ ልጅ ግን ያን ቀን መጠበቅ አልሆነለትም።

ልጁ ሀከር የሆነበት መንገድ ራሱ የሚገርም ነው። ያኔ እያንዳንዱ ኦሪጅናል ዲስክ የራሱ ቁልፍ ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩን ካላስገባሽ ጌሙ አይከፈትም። ልጁ ለዋርክራፍት 3 ሳይከፍል ቁጥር የሚያወጣለት ፕሮግራም አገኘሁ ብሎ ከፈተ። ለካስ ቫይረስ ኖሯል! ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው እጅ ገባ። ሌላው ቢሆን አጥፍቶት ይተወው ነበር። እሱ ግን እንዴት እንደሚሠራ በልት በልቶ አጠናው፤ ከዚያም የራሱን ሠራ። ለምን ቢሉ፣ ጌም የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ከሌሎች ተጫዋቾች ኮምፒውተር ቁልፍ ቁጥራቸውን ለመውሰድ። ይሄን ኋላ ላይ ራሱ ተናግሮታል። አየሽ፣ «የማንም ዕቃ አልጎደለም» እዚህ ላይ አይሠራም። ዲስኩን በገንዘቡ ገዝቶ፣ ቁጥሩ ግን ሌላ ሰው እጅ የገባበት አንድ ምስኪን ተጫዋች አለ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003፣ እኛ አገር ጳጉሜ 6፣ የ1996 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው፣ በዚያ ሰሞን የቫልቭ ባለቤት ኢሜል በሌላ ሰው ይነበብ ጀመር። ይሄ የታወቀው በኋላ ነው፤ ሰውዬው መንገድ ላይ በነበረባቸው ሰዓቶች ጭምር ኢሜሉ ሲከፈት መዋሉ ሲመረመር። ኮምፒውተሩም አመል አወጣበት። ቫይረስ ቢፈልግ አጣ፤ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። ምን ዋጋ አለው? በሌሎቹ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ሠራተኛው የሚነካውን እያንዳንዱን ፊደል የሚመዘግብ ፕሮግራም ተቀምጦ ነበር። ሴፕቴምበር 19 ገደማ የጌሙ ሶርስ ኮድ ተገለበጠ።

ሶርስ ኮድ ለማታውቁት፣ ጌሙን በዶሮ ወጥ ብንመስለው የተሠራው ወጥ አይደለም፤ የባለሙያዋ ሙያ ነው። ሽንኩርቱ ምን ያህል እንደቁላላ፣ ቅመሙ መቼ እንደገባ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ይህ በኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ኢንተርኔት ላይ ተዘረገፈ። ጥቂት ቆይቶ ያላለቀው ጌም ራሱ ተከተለ። ልጁ እኔ አልበተንኩትም፣ ለሌላ ሰው አካፍዬው ነው ከእጄ የወጣው ይላል። ይሁንለት። ወንድምሽም እኮ ለጓደኞቹ ነው ያካፈለው! ከእጅ የወጣ ነገር ግን ማን ጋ እንደሚደርስ ማን ያውቃል?

ለኩባንያው ጥብቅና መቆሜ አይደለም። የተሰረቀውን ያዩ ተጫዋቾች «ይሄ ጌም እኮ ገና ብዙ ይቀረዋል፣ በተባለው ቀን እንዴት ሊወጣ ነበር?» ብለው አፋጠዋል፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነበር። ቢሆንም አንድ ሰው ቤቱን ጠርጎ ሳይጨርስ እንግዳው በጓሮ ገብቶ ማጀቱን ቢያይበት፣ ያውም ያየውን ለመንደር ቢያወራበት፣ ጥፋቱ የቤት አለመጠረጉ ነው? ዓመታት የለፉበትን ሥራ ያልታጠበ ፊቱን ዓለም አየው። ጌሙ የወጣው ኖቬምበር 16 ቀን 2004፣ ከተቆረጠው ቀን ከዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነው ልምጣ። በ2004 ፌብሩዋሪ ላይ ልጁ ለኩባንያው ባለቤት ራሱ ኢሜል ጻፈ። የገባሁት እኔ ነኝ አለ። ቀጥሎ ምን ቢጠይቅ ጥሩ ነው? ሥራ! እዚያው ቫልቭ ውስጥ መቀጠር! ሥራችሁን እወዳለሁ፣ ቅጠሩኝ ነው ነገሩ። ባለቤቱም እሺ ብሎ በስልክ ኢንተርቪው አስደረገው፤ ልጁ እንዴት እንደገባ አንድ በአንድ ዘረዘረ። የማያውቀው ነገር የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ በጉዳዩ መኖሩን ነው። ለቀጣዩ ኢንተርቪው ወደ አሜሪካ ሲጠራ እዚያው ሊያዝ ነበር የታሰበው። የጀርመን ፖሊስ ቀደመ። በሜይ 2004 አንድ ጠዋት መሣሪያ በያዙ ፖሊሶች ተከቦ ነቃ። በ2006 ኖቬምበር ፍርድ ቤቱ የሁለት ዓመት የገደብ ቅጣት ወሰነበት። ዳኛው አስተዳደጉ ከባድ እንደነበርና ጥፋቱን ማመኑን ከግምት አስገብተውለታል። ልጁ ከዓመታት በኋላ ለባለቤቱ ይቅርታ ጠይቋል።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ፖሊስ ብቻ ላስፈራራው ብዬ አይደለም። መቆለፊያውን የከፈለው ማን እንደሆነ እንዲያይ ነው። ሃፍ ላይፍ 2 ሲወጣ በገንዘቡ የገዛው ሰው ሁሉ ስቲም በሚባለው የኩባንያው አገልግሎት በኢንተርኔት ካላስመዘገበ መጫወት አይችልም ተባለ። አስቀድመው ከፍለው ያወረዱት እንኳ ዕቃው ቤታቸው ገብቶ፣ ቁልፉ ግን በዕለቱ ነው የመጣላቸው። የዚያን ቀን ሕዝቡ ሲጎርፍ አገልግሎቱ ተጨናነቀና ስንቱ የገዛውን ይዞ ቁጭ አለ። ኮፒ ሊያጫውቱ የሞከሩ 20,000 ያህል አካውንቶችም በዚያው ሰሞን ተዘጉ። ዛሬ እኛ አገር ኔትወርክ ሲጠፋ የገዛው ጌም አልከፈትም የሚለው ልጅ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ይሄ የድሮ ታሪክ ነው» ካለሽ የ2022ቱን ንገሪው። ገና እየተሠራ የነበረውን ጂቲኤ 6 ከነ90 ያህል ቪዲዮው የበተነው እንግሊዛዊ የዚያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር፤ ከወንድምሽ በአንድ ዓመት ይበልጣል። በ2023 ዲሴምበር መውጫው ቀን ያልተቆረጠ የሆስፒታል ትዕዛዝ ተፈረደበት። እኛም ብንሆን ሕግ የለንም ማለት አይቻልም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ልጁ በተያዘበት በዚያው የኢትዮጵያ ዓመት ነው።

እንግዲህ እህቴ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ስልኩንና ኮምፒውተሩን አልቀማውም፤ ብትቀሚው ጓደኛው ቤት ሄዶ ይቀጥላል። ያወረደውን ፋይል ግን አብራችሁ ተቀምጣችሁ አጥፉት፤ ጀርመናዊው ልጅ የተበላው በእንዲህ ዓይነቱ እንደሆነም ንገሪው። ኢሜሉንና የባንክ አካውንት ያለበትን የይለፍ ቃል ሁሉ ይቀይር፣ ያንቺንም ጭምር፣ አንድ ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ከሆነ። ይሄ ዛሬውኑ ይሁን።

ከዚያ ስለ ኮዱ ጠይቂው። ጌም እንዴት እንደሚሠራ የማወቅ ፍላጎት ካለው ትንሽ ጌም ራሱ ይሞክር፤ በነጻ የሚገኙ የመሥሪያ ፕሮግራሞች አሉ። ሠርቶ ሳይጨርሰው አንቺ በድብቅ ከፍተሽ ለሰፈሩ ልጆች ብታሳይበት ምን እንደሚል መገመት አያቅተኝም!

ያ ያወረደው ጌም በይፋ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እንደ ጓደኞቹ ጓጉቶ ነው ወይስ ሰልችቶታል? መልሱን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።