ሾፌሩን ለምን አያስመልሰውም?

የሰባት ዓመት ልጄ ሐረር የዓይን ክትትል አለው። በየሁለት ወሩ ከድሬዳዋ ተነስተን ወደ ሐኪሙ እንሄዳለን። ቀጠሮው ሲቃረብ ልጁ ምግብ ይቀንሳል። በዋዜማው ደግሞ «እማዬ፣ ነገ ፈተና አለብኝ» ማለት ይጀምራል። ባለፈው ዓመት በጉዞው ዕለት ጠዋት ጎረቤት ቤት አልጋ ሥር ተደብቆ አገኘነው። የዚያን ቀን ቀጠሮ አለፈ። የሚቀጥለውም እንደዚሁ አለፈ።

የሚፈራው ሐኪሙን አልነበረም። ደንገጎን ነው።

መንገዱን የምታውቁ አትገረሙም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ አናት ላይ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ያንን ሁሉ ከፍታ የምትወጡት በኩርባ ላይ ኩርባ ነው። ልጄ መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀጥሎ ያዛጋል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ያልበዋል፣ አፉን ምራቅ ይሞላዋል። ከዚያ ወዲያ ፌስታል ነው። አንድ ቀን ፌስታሉ ሳይደርስለት ቀርቶ አጠገቡ በተቀመጡ ሴትዮ ነጠላ ላይ አስመለሰ። ሴትዮዋ «አይዞህ» አሉት፤ ከኋላ የነበሩት ተሳፋሪዎች ግን አጉረመረሙ። ልጁ እስከ ሐረር ቀና ብሎ አላየም።

አባቴ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ ይህንኑ መንገድ ወጥተው ወርደዋል። «እኔን አንድ ቀን እንኳ አስመልሶኝ አያውቅም። እናንተ ናችሁ ያሞላቀቃችሁት» ይሉ ነበር። ልጄ አንድ ማታ «አባባ፣ ሾፌሩን ለምን አያስመልሰውም?» ብሎ ጠየቃቸው። አባቴ ሳቁ። መልስ ግን አልነበራቸውም፤ እኔም አልነበረኝም።

ሁለቱ ቀጠሮዎች ካለፉ በኋላ አባቴ «እኔ ይዤው እሄዳለሁ» አሉና ሦስታችን ተሳፈርን። ጋቢናው ተይዞ ስለነበር የኋላ ወንበር ደረሰን። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው የልጁን የሕክምና ወረቀት ማንበብ ጀመሩ። ኩርባዎቹ ሲበዙ ወረቀቱን አጠፉት። ትንሽ ቆይተው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፌስታሉ የታለ?» አሉ። ያቀበላቸው ልጄ ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ለካ እስኪደርስብን ነው።

የልጁን ጥያቄ ሐኪሙ ጋ ስንደርስ አነሳሁት። ማብራሪያው ቀላል ነበር። በውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ፈሳሽ ያለባቸው ጥቃቅን ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላታችን ሲዞርና ሲያዘነብል ለአንጎል የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ዓይንም ያየውን ይናገራል። ወረቀት ወይም ስልክ ላይ የተተከለ ዓይን «ተቀምጠናል፣ አልተንቀሳቀስንም» ሲል ጆሮ «ወደ ግራ ዞርን፣ አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ» ይላል። ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚህ አለመስማማት ነው። ሾፌሩ ግን መንገዱን ያያል፤ መሪውን የሚያዞረውም ራሱ ስለሆነ ኩርባው ሳይደርስ ሰውነቱ ይዘጋጃል። ተሳፋሪው የሚያውቀው ከዞረ በኋላ ነው። አባቴን ለ30 ዓመት የጠበቃቸው ጥንካሬያቸው ብቻ ሳይሆን መሪው ነበር።

ይህን በስልክ ስነግረው አሜሪካ፣ ፊኒክስ ከተማ የሚኖረው ወንድሜ ሳቀ። በዚያ ከተማ አካባቢ ዌይሞ የተባለው ኩባንያ ሾፌር የሌለባቸውን ታክሲዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። መኪናው በካሜራና በሌሎች መሣሪያዎች እያየ ራሱን ይነዳል። ወንድሜ አንድ ቀን ተሳፍሮ ስልኩን ሲያነብ ቆይቶ ሲወርድ ምድር ዞረችበት። «ደንገጎ እዚህ ድረስ ተከተለኝ» አለ።

ነገሩ ቀድሞም ታስቦበታል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ራሳቸውን በሚነዱ መኪኖች ከሚጓዙ አዋቂ አሜሪካውያን ከ6 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ ወይም ሁልጊዜ በተወሰነ ደረጃ ያቅለሸልሻቸዋል ብለው ገምተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሪ የያዘ ሰው ከሌለ ሁሉም ተሳፋሪ ነው። ሁሉም ያነባል፣ ፊልም ያያል፣ መልእክት ይጽፋል። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት መፍትሔም ለእኛ ሩቅ አይደለም። መስኮቱ ሰፊ ይሁን፣ ወንበሩ ወደ ፊት ይዙር፣ ስክሪኑም ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት የሚታይ ይሁን የሚል ነው። አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በአይፎን ስክሪን ጠርዝ ላይ ከመኪናው ጋር የሚንቀሳቀሱ ነጠብጣቦችን አምጥቷል። ዓላማው ዓይን የሚያየው ጆሮ ከሚሰማው ጋር እንዲስማማ ነው።

እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። በጉዞ ላይ ስልክ የለም። ጠዋት ቀለል ያለ ቁርስ እንጂ ቅባት የበዛበት ምግብ የለም፤ ባዶ ሆድም አንሄድም። መስኮት እንከፍታለን፣ ሽቶ አንቀባም። ልጁን ጋቢና ማስቀመጥ ያጓጓል፤ ነገር ግን አደጋ ቢደርስ ለልጆች የሚሻለው የኋላ ወንበር ነው። ስለዚህ በጊዜ መናኸሪያ ደርሰን ከሾፌሩ በስተኋላ ያለውን፣ የፊት መስታወቱ የሚታይበትን ወንበር እንይዛለን።

መድኃኒትን በተመለከተ ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። የጉዞ ክኒን የሚጠቅመው ከመነሳት በፊት ሲወሰድ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ፕሮሜታዚን ትንፋሽ ሊያዳክም ስለሚችል ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፈጽሞ አይሰጥም። አያቶችን ደግሞ እንቅልፍ፣ መደናበር ወይም ሽንት መያዝ ሊያስከትልባቸው ይችላል። ስለዚህ ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ አይገባም።

ሌላም ነገር አለ። ማስመለስ ሁሉ ከመኪና አይደለም። ከወረዱ በኋላም ካልቆመ፣ ትኩሳት ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለው፣ እንደ ድሬዳዋ ወባና ደንጊ በሚታዩበት ከተማ «መኪና ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ይህ ችግር ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ብዙም አይታይም፤ ከዚያ በኋላ እስከ 12 ዓመት ድረስ ይበረታል፤ ብዙዎችንም ሲያድጉ ይቀንስላቸዋል። ልጁ ግን እስኪያድግ ድረስ «ሞልቃቃ» ሲባል መክረም የለበትም።

ትልቁን ለውጥ ያመጡት አባቴ ናቸው። በሚቀጥለው ጉዞ ከልጁ ጎን ተቀመጡና እጁን ያዙ። «አሁን ወደ ቀኝ፣ ረዘም ያለች ናት። አሁን ወደ ግራ። እዚህ ጋ ማርሽ ይቀንሳል፣ ስማ» እያሉ ደንገጎን ኩርባ በኩርባ ነገሩት። 30 ዓመት በእጃቸው የያዙትን መንገድ በቃል አስረከቡት። በዚያ ቀን አንድ ጊዜ አስመለሰው። በሚቀጥለው ጉዞ ግን ፌስታሉ ሳይከፈት ሐረር ገባን።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ቀጠሮ ነበረን። ደንገጎ ስንደርስ አባቴ ትንሽ ሸለብ አደረጋቸው። ልጄ ክንዳቸውን ነካ አደረጋቸውና «አባባ፣ ይንቁ። አሁን ወደ ግራ ነው» አላቸው።